እግሬ አውጪኝ፦ የሁለት ጉድጓድ ቆፋሪ ወንድማማቾች ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ጅማ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ጉዳይ ፋይሉ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ይኼኛው ግን አልተዘጋልኝም። መንገድ ዳር ጉድጓድ ሲቆፈር ካየሁ አሁንም ቆም እላለሁ። ገመዱን የያዘው ማን እንደሆነ አያለሁ።

ጉዳዩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ አየር አጠረው። ሌላው ሊያወጣው ወረደ። ከዚያ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አንድ ነገር ተፈጠረ። ሁለቱም በሕይወት ወጡ። ለ7 ወር ግን እየተሸሻሹ ኖሩ።

እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል። ታላቅየው «ጻፊው፣ ሌላ ሰው ይማርበት» ብሎኛል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትቻለሁ። ማንነታቸውን የሚያሳብቅ ዝርዝርም ቀይሬያለሁ።

ወንድማማቾቹ

አባታቸው የሞቱት ታናሽየው ገና ልጅ ሳለ ነው። ታላቅየው ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል አቋርጦ ዶማ ያዘ። ታናሹን ያስተማረው፣ ያለበሰው፣ ሲታመም በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰው እሱ ነው። ታናሽየው 10ኛ ክፍል ሲጨርስ «እኔም አብሬህ እሠራለሁ» አለው። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሲወጡ ታላቅየው መርካቶ ወስዶ ቦት ጫማ ገዛለት። ይህን ጫማ ያነሳሁት በምክንያት ነው።

ጅማን ለማያውቅ ሰው የጉድጓድ ሥራ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ከተማዋ ዝናብ አይነፍጋትም። በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። የአዌቱ ወንዝም መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የቧንቧ ውሃ ግን ይመጣል፣ ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ግቢ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። በበጋ ውሃው ወደ ታች ሲሸሽ ባለቤቶቹ ቆፋሪ ጠርተው ያስጠልቁታል። ለወንድማማቾቹ እንጀራቸው ይኼ ወቅት ነው። ታላቅየው ከታች ይቆፍራል። ታናሽየው ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ከላይ አፈር ይስባል።

ሰፈር ውስጥ ስማቸው ተነጣጥሎ አይጠራም ነበር።

የዚያን ዕለት የሆነው

ወሩ የካቲት ነው። ጉድጓዱ 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከታች የተጠራቀመው ውሃ አላስቆፍር ስላለ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር አወረዱ። ከታች አካባቢ ጣውላ ላይ አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ያህል አስነሱት። ውሃው ሲያልቅ አጠፉት። ከዚያ ሻማ በጣሳ አድርገው አወረዱ። ሻማው አልጠፋም። «ሻማው ከበራ አየር አለ» የሚለውን ደንብ ከድሮ ቆፋሪዎች ተምረውታል። ታላቅየው ወረደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደንቡ ግማሽ እውነት ነው። ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን በጣም ሲያንስ ነው። የቤንዚን ሞተር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ሻማም አያጠፋም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል። ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው ሻማው እየበራ፣ አጠገቡ ቆሞ ሊሞት ይችላል።

ታላቅየው ከታች እንደደረሰ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ ሞተሩ ላይ አሰረው። ሞተሩን ሳቡለት። ገመዱ ከላይ እያለ «ራሴን... ራሴን ያዘኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የታናሹን ስም ጠራ።

ታናሽየው ገመድ አልጠበቀም። ሠራተኞቹ «ቆይ!» ሲሉት አልሰማም። ግድግዳው ላይ የተቆፈሩትን የእግር መርገጫዎች እየረገጠ ወረደ። ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው ጉልበቱ ቄጤማ ሆነ። ዓይኑ ጨለመ። ያኔ ከታች አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ጨምድዶ ያዘው።

ረገጠው። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። በጫማው ሥር የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማው። እጁ ለቀቀው። እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሠራተኞቹ አፋፉ ላይ በሸሚዙ ኮሌታ ጎትተው ጣሉት። አስታወከ።

ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ ሠራተኞቹ ናቸው። ታናሽየው ተንፏቆ ተነሳ። ገመዱን ነጥቆ ሸምቀቆ ሠርቶ ወረወረው። «በብብትህ አስገባው! ጋሼ፣ በብብትህ!» እያለ ጮኸ። ጩኸት ሰምቶ የመጣ ጎረቤት ሊወርድ ሲል ቀበቶውን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው፤ ቀበቶው ተበጠሰ። «ማንም አይገባም!» አለ። ታላቅየው እንደምንም ራሱንና አንድ ክንዱን ሸምቀቆው ውስጥ አስገባ። አራት ሆነው ሳቡት። ሲወጣ ራሱን አያውቅም ነበር።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት፤ ኦክስጅን ተሰጠው። በተራ አየር ቢሆን የጋዙ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይወርዳል። ታላቅየው በሦስተኛው ቀን ቤቱ ገባ። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ተሰብራ ነበር። «ሲሳብ ግድግዳው መትቶት ነው» ተባለ። ጣቷ በደንብ አልገጠመችም። ወደ ውስጥ እንደታጠፈች ቀረች።

ችግሩ

ወደ እኔ ያመጣችው የታላቅየው ሚስት ናት፤ መስከረም ላይ። «ይኼ ልጅ እየጠፋብን ነው፣ ሲስተር» አለችኝ። ስለ እርግጫው አታውቅም ነበር።

ታናሽየው ከስቷል። ሌሊት አይተኛም። እንቅልፍ ሲወስደው እግሩን የያዘው ሰው አለ። እንዳይተኛ ብሎ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ ጫት ይቅማል። ቦት ጫማውን ሽንት ቤት ውስጥ ጥሎታል። ጉድጓድ ባለበት ግቢ አያልፍም። ከሁሉ የከበደው ግን ማዕድ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከአንድ ትሪ የበሉ ወንድማማቾች አብረው መብላት ትተዋል። ታላቅየው ምሳ ሲቀርብ «ጓዳ አምጪልኝ» ይላል። ብቻውን ይበላል። ታናሽየው ይህን የተረጎመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ «ያውቃል። ከእኔ ጋር እጁን ትሪ ላይ ማሳረፍ ቀፎታል።»

መጀመሪያ ቀን «መሞት ትመኛለህ?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅሁት። አንዳንድ ባልደረባ ይህን ጥያቄ ይፈራዋል፣ ነገሩን የሚያስጀምር ይመስለዋል። አያስጀምርም። «መቅረት የነበረብኝ እኔ ነኝ ብዬ አስባለሁ፤ ራሴን ላጠፋ ግን አላሰብኩም» አለኝ። ይህን ጥያቄ በየቀጠሮው ደገምኩት። ከወንድሙ ሚስትም ጋር ማታ ማታ ብቻውን እንዳትተወው ተነጋገርን።

አንድ ሌላ ነገርም አሳሰበኝ። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው ከዳነ በኋላ፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት ቆይቶ፣ የማስታወስና የጠባይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ታላቅየውም ዝምተኛ ሆኗል ስለተባለ ሐኪም እንዲያየው አደረግን። አእምሮው ደህና ነው ተባለ። ዝምታው ታዲያ ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ በሚገባው ክብደት አልያዝኩትም። ስህተቴ ነበር።

ያልሠራው

እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገር ተሞክሯል። አንደኛው ኪኒን ነው። ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አስደንጋጭ ነገር በደረሰ በመጀመሪያው ወር ለሚታይ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት እንዲህ ያለ መድኃኒት አይመክርም። ታናሽየውም ማታ በኪኒን፣ ቀን በጫት ሆነ። «እንቅልፉ መጣ፣ መንቃቱ ግን ጠፋ። ሕልሙ ውስጥ ተዘጋብኝ» ብሎ ነው የነገረኝ።

ሁለተኛው ሽምግልና ነው። አገራችን ላይ ሽማግሌ የማይፈታው ነገር ጥቂት ነው። ጅማም የጃርሱማ፣ ማለትም የኦሮሞ ሽምግልና፣ አገር ናት፤ ብዙ ደም ያስታረቁ አባቶች አሉ። እዚህ ላይ ግን አልሠራም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱ እንደተኳረፉ እንጂ ስለምን እንደሆነ አያውቁም። የገንዘብ ጠብ መሰላቸው። «ወንድማማቾች ናችሁ፣ ይቅር ተባባሉ» አሉ። ተሳሳሙ። ተመረቁ። በማግስቱ ታላቅየው ምሳውን ጓዳ አስገባ። ስሙ ያልተጠራ በደል በይቅርታ አይነሳም። ይህን ስል ሽማግሌዎቹን መውቀሴ አይደለም። ያልተነገራቸውን ከየት ያምጡት?

ሦስተኛው ስህተት የእኔ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ታናሽየው ስለ እርግጫው ነገረኝ። ለማንም ተናግሮት አያውቅም። አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ላጽናናው ቸኮልኩ። ስለ አድሬናሊን፣ ስለ አንጎል ማስረዳት ጀመርኩ። «ያደረገው ሰውነትህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ እግሩ የማን ነው፣ ሲስተር?» አለኝ።

ለቀጣዩ ቀጠሮ አልመጣም። ሁለት ሳምንት ቀረ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰው የሸክሙን ክብደት ሲነግርህ «ቀላል ነው» ማለት ሸክሙን አያወርድለትም። የሚሰማው እንዳጣ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሰውነት በዚያች ሰዓት

ያስረዳሁት ነገር ግን ውሸት አልነበረም። ጊዜው ነው የተሳሳተው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ፍርሃት ሰውነትን ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚያዘጋጅ ገልጿል። አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል። ደም ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ሁሉም የሚሆነው ሐሳብ «ይኼ እኮ ወንድሜ ነው» ብሎ ሳይጨርስ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ግን አይሆንም። በአደጋ ላይ የተጠኑ ሰዎች ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ትተው አይሮጡም። እንዲያውም ፈልገው ይመለሳሉ። ልዩነት ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ጊዜ ነው። ይህን በሁለት መርከቦች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች አሉ። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. ስትሰጥም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ፈጅቶባታል። ሉሲታኒያ በ1915 በቶርፔዶ ተመትታ በ18 ደቂቃ ሰጠመች። በታይታኒክ ላይ ሴቶችና ሕፃናት የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ ነበር። በሉሲታኒያ ላይ ደግሞ ይበልጥ የተረፉት ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ናቸው። በ2010 የወጣው ይህ ጥናት እንደሚለው ጊዜ ሲኖር ይሉኝታና ወግ ይመለሳሉ፤ ጊዜ ሲያጥር ነፍስን ማትረፍ ይቀድማል።

ታናሽየው 18 ደቂቃ አልነበረውም። ጉልበቱ ከከዳው በኋላ የቀረው ምናልባት ጥቂት እስትንፋስ ነው።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ይኼ ልጅ ገመድ ሳይጠብቅ ወርዷል። አወራረዱም ሳያስብ ነበር። ፍቅርም እንደ ፍርሃት ሳያማክር የሚነሳ ነገር ነው። ያን ቀን ሁለቱም በየተራቸው ተነሱ። መጀመሪያ የተነሳው ፍቅር ነው። ይህን ለታናሽየው ለመንገር ግን አሁን አልቸኮልኩም።

ገመዱ

ሲመለስ ሌላ መንገድ ያዝኩ። 12 ሜትር ገመድ እንዲያመጣ ጠየቅሁት። በየሜትሩ ቋጠሮ ቋጠርን። ኮሪደሩ ላይ ዘረጋነው። አንደኛው ጫፍ የጉድጓዱ አፋፍ ነው፣ ሌላኛው ወለሉ። «የዚያን ቀን የሆነውን እየተራመድክ ንገረኝ፤ መቀጠል ሲያቅትህ ቁም» አልኩት። በየቋጠሮው ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ እስኪወርድ እዚያው እንቆማለን።

በመጀመሪያው ቀን 4ኛው ቋጠሮ ላይ ደረሰና በቃኝ አለ። በሚቀጥለው 8ኛው ላይ። 10ኛው ቋጠሮ ላይ ለሦስት ቀጠሮ ቆመናል። ላብ ከግንባሩ ገመዱ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። በሦስተኛው ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ጉልበቱ የከዳው የወንድሙ እጅ እግሩን ከመያዙ በፊት ነበር። ለ7 ወር ለራሱ ሲነግረው የኖረው ታሪክ «ወንድሜን አቅም እያለኝ ረገጥኩት» የሚል ነበር። ገመዱ ላይ ቆሞ ሲያስበው አቅም አልነበረውም።

ሌላው ግኝት ከዚህ ይበልጣል። ታሪኩን ሲነግረኝ ሁልጊዜ የሚያቆመው እርግጫው ላይ ነው። «ከዚያስ?» ስለው «ከዚያማ ወጣሁ» ይላል። ሸምቀቆው የለም። ጩኸቱ የለም። ጎረቤቱን መጎተቱ የለም። ውሸት እየነገረኝ አልነበረም። ለራሱም አይቆጥረውም ነበር። በእሱ ፈቃድ ጎረቤቱን ጋበዝን። ጎረቤቱ የተበጠሰውን ቀበቶ ይዞ መጣ። «አንተ ባትይዘኝ ልጆቼ አባት አልነበራቸውም» አለው። ታናሽየው ቀበቶውን ተቀብሎ የተቀደደበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ገመዱ ላይ ወደ አፋፉ ተመለሰና የቀረውን ታሪክ፣ ሸምቀቆውን ከሠራበት ጀምሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ «ለጋሼ መንገር አለብኝ» አለ።

ታላቅየው የተናገረው

ፈራሁ። ታላቅየው የማያስታውስ ከሆነ አዲስ ቁስል መክፈት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ብቻውን አነጋገርኩት። ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የገባው። ምንም አልነገርኩትም። «ያን ቀን ምን ታስታውሳለህ?» ብቻ አልኩት።

ሁሉንም ያስታውሳል።

«አልጠራሁትም» አለኝ። «መጀመሪያ ስሙን ጠርቻለሁ፣ እሱ ልክ ነው። እግሩን ስይዝ ግን አድነኝ ብዬ አይደለም። ልወጣበት ነው። እግሩን ይዤ፣ ወገቡን ይዤ፣ ትከሻው ላይ ወጥቼ ልወጣ ነው። እሱ ይቀራል ብዬ እንኳን አላሰብኩም። ሲስተር፣ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ረግጬው ልወጣ ነበር።»

ጓዳ ውስጥ የሚበላው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እጁን ከኪሱ አወጣ። የታጠፈችውን ጣት አሳየኝ። «ትሪ ላይ ስዘረጋት ያያታል። ባየ ቁጥር ምግቡ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። እንዳያይ ብዬ ነው።»

ሰባት ወር ሙሉ ታናሽየው እንደ ክስ ያነበበው ነገር ለእሱ የተደረገ ርኅራኄ ነበር። ታላቅየው ደግሞ የታናሹን መሸሽ «ልገድለው እንደነበር ገብቶታል» ብሎ ተርጉሞታል።

ዋና የሚያሰለጥኑ ሰዎች ለአዳኞች ከሚያስተምሩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ይኼ ነው፦ እየሰጠመ ያለ ሰው ሊያድነው የመጣውን ጨምድዶ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ስለዚህ ከቻልክ ገመድ ወይም እንጨት ወርውርለት፣ አካልህን አትስጠው። «ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል» እንላለን። አረፋ የሚጨብጥ እጅ የወንድምን እግር ከሌላው አይለይም።

በሚቀጥለው ሳምንት አብረው ተቀመጡ። ታናሽየው ሲዘጋጅ የከረመውን ረጅም ንግግር ረሳው። «ጋሼ፣ ረግጬሃለሁ» ብቻ አለ። ታላቅየው «አውቃለሁ። እኔም ጎትቼሃለሁ» አለ። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ። ዝም ተባባሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ በሙያዬ ካደረግኋቸው ከባድ ነገሮች አንዱ ያ ዝምታ ነው። በመጨረሻ ታናሽየው «ጣትህ ታምሃለች?» አለው።

«ብርድ ሲሆን።»

ታናሽየው አለቀሰ። ታላቅየው አላባበለውም። እስኪያበቃ ጠበቀው።

ለባልደረቦቼና እንዲህ ላለ ቤተሰብ

አንደኛ፣ ማጽናኛ ሊቀድም አይገባም። ሰውየው ያደረገውን በራሱ አፍ፣ በራሱ ቃል ይናገረው። የሰውነትን አሠራር ማስረዳት ይጠቅማል፣ ግን ምስክርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሲቀድም ሰበብ ይሆናል፤ ጨዋ ሰው ደግሞ ሰበብ አይቀበልም።

ታሪኩ የት ላይ እንደሚቆም አስተውሉ። በኀፍረት የተያዘ ሰው ታሪኩን ከሁሉ በከፋችው ሰከንድ ላይ ይቆርጠዋል። ከዚያ በፊት ያለውም ከዚያ በኋላ ያለውም ይጠፋበታል። ያዩ ሰዎች ካሉ፣ በፈቃዱ፣ የጎደለውን እንዲሞሉ መጋበዝ እኔ ከመከርኩት ሁሉ በልጦ ሠርቷል።

ሌላውንም ወገን ጠይቁ። እኔ ተበዳይና በዳይ አድርጌ ነበር የጀመርኩት። ታላቅየውን ቀድሜ ባነጋግር ኖሮ ቢያንስ ሁለት ወር እናተርፍ ነበር። ሽምግልናውንም ቢሆን አትጣሉት። እነዚያው ሽማግሌዎች ኋላ ላይ እውነቱን ሰምተው ዳግም መርቀዋቸዋል፤ ያኔ ምርቃቱ ያዘ።

የጉድጓዱን ነገር ደግሞ እንደ ጎረቤት ልናገር። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ አፋፍ ላይም ቢሆን ጭሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ርቆ ይቀመጥ። ሻማ አትመኑ። የወረደ ሰው ገመዱን ከወገቡ አይፈታም፤ ዕቃ የሚሳብበት ሌላ ገመድ ይኑር። ሰው ከታች ቢወድቅ ማንም ተከትሎ አይግባ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው፣ እንዲህ ባሉ ጠባብ ቦታዎች ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ሰዎች ናቸው። ታናሽየው ጎረቤቱን በቀበቶው ሲይዘው ይህን አኃዝ አያውቀውም ነበር።

አሁን ያሉበት

ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ታናሽየው ወደ ጉድጓድ ሥራ አልተመለሰም። ቡና መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ጫቱን ቀንሷል እንጂ አልተወም። ሕልሙ በወር አንዴ ሁለቴ ይመጣል። ታላቅየው አሁንም ይቆፍራል፤ ሁለት ገመድ ይይዛል። እናታቸው ምንም አያውቁም፤ እንዳይነገራቸው ሁለቱም ተስማምተዋል፤ እኔም አልገፋሁም።

ያልተፈታው የሚስትየዋ ነገር ነው። እውነቱን ስትሰማ «ባሌን ረግጦት ነው ለካ ሳበላው የከረምኩት» አለች። ወደ እኔ ያመጣችው እሷ ናት፤ መጨረሻ ላይ የተጎዳችውም እሷ ሆነች። ሁለቱ የሚያውቁትን ጨለማ እሷ አላየችውም። እሷ የምታየው የባሏን ጣት ነው። አነጋግሬያታለሁ። «ጊዜ ስጪኝ» ብላኛለች። እየሰጠኋት ነው።

ባለፈው ወር ቤታቸው ለምሳ ጠሩኝ። አንድ ትሪ ቀረበ። ታላቅየው ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ የታጠፈችው ጣት ወጡን ሳትነካ ተንሳፋ ትቀራለች፣ በአራቱ ነው የሚጎርሰው። ቀድሞ ለታናሹ አጎረሰው። ከዚያ በፊት ግን ሚስትየዋ እጅ ልታስታጥበን መጥታ ነበር። ታናሽየው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አላየችውም። ውሃውን ግን እጁ እስኪጠራ አፈሰሰችለት።